ኤአይ የጻፈልዎ የኢንቨርተር መከታተያ፦ ሦስቱ ቁጥሮች የት ላይ ሳቱ?

ጥያቄዎን ላላዩት በአጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ቤትዎ ውስጥ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የሶላርና የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ)፣ 51.2 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪና አራት ባለ 550 ዋት ፓነሎች አሉ። ፓነሎቹ ሁለት ሁለቱ በተከታታይ ታስረው ነው የሚገቡት። ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጠይቀው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መከታተያ አገኙ፣ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፣ ከኢንቨርተሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ አገናኙት፣ ቁጥሮችም መምጣት ጀመሩ። ያስጨነቀዎት ሦስት ነገር ነው። ቀትር ላይ ፓነሎቹ 2,940 ዋት አመነጩ ይላል፤ ድምራቸው ግን 2,200 ዋት ነው። ምጣድ ሲሰካ ባትሪው በሁለት ደቂቃ ከ70 ወደ 30 በመቶ ይወርድና ምጣዱ ሲነቀል ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ ኢንቨርተሩን ወደ ሶላርና ባትሪ እንዲያዞረው ትእዛዝ ቢያስጨምሩበት፣ ከሦስቱ ምርጫዎች ሁለቱን ይቀበላል፤ እርስዎ የሚፈልጉትን ሦስተኛውን ግን «ናክ» ብሎ ይመልሰዋል። «ኤአዩ ኮዱ ልክ ነው ይላል፤ ኢንቨርተሩ ይሆን የተበላሸው? ለመሆኑ እንዲህ ያለ ኮድ ይታመናል? ከኤአዩ ጋርስ እንዴት ልሥራ?» ብለዋል።

ኢንቨርተርዎ ጤነኛ ነው። ኮዱም የሚጣል አይደለም፤ አብዛኛውን እኔም ብጽፈው ከዚያ የተለየ አላደርገውም ነበር። የሳተው ኤአዩ ሊያውቀው በማይችለው ቦታ ላይ ነው፤ እርስዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከላኳቸው የትእዛዝ ስሞች እንደተረዳሁት የእርስዎ ኢንቨርተር የታይዋኑ ቮልትሮኒክ ኩባንያ «አክስፐርት» ከሚላቸው ወገን ነው። ሳጥኑ ላይ ሌላ ስም ቢያዩ አይደነቁ፤ አንዱ ሥሪት በዓለም ዙሪያ በብዙ ስም ይሸጣል። ኤአዩ የተማረው ከኢንተርኔት ነው፤ እዚያ ደግሞ የዚህ ቤተሰብ የመገናኛ ሰነድ በተለያየ ዕትም፣ ሰዎች የጻፉለትም ኮድ በተለያየ ዓይነት ተበትኖ ይገኛል። እርስዎ «ኮድ ጻፍልኝ» ሲሉት ከሁሉም አደባልቆ አንድ ወጥ የሚመስል ነገር ያወጣል። ሦስቱም ችግሮችዎ የመጡት ከዚህ ነው።

ከሶላሩ ልጀምር። ኪውፒአይጂኤስ ለሚባለው ጥያቄ ኢንቨርተሩ የሚመልሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በቅንፍ ይጀምርና ቁጥሮቹ በተርታ ይከተላሉ፦ የመብራቱ ቮልትና ድግግሞሽ፣ ወደ ቤት የሚወጣው ቮልት፣ ጭነቱ በዋት፣ የባትሪው ቮልት፣ ባትሪው የሚሞላበት አምፔር፣ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የሶላር አምፔርና የሶላር ቮልት፣ ሌሎችም። የእርስዎ ኮድ የሶላሮቹን ሁለት ቁጥሮች አባዛ፤ 35 አምፔር በ84 ቮልት 2,940 ዋት ሆነ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ነገር ግን በእርስዎ ዓይነት ዝቅተኛ የሶላር ቮልት በሚቀበል ሞዴል ላይ ያ 35 አምፔር በፓነሉ ሽቦ የሚያልፈው አይደለም። የሶላር ቻርጀሩ ከፓነሉ በከፍተኛ ቮልትና በትንሽ አምፔር የመጣውን ወደ ባትሪው በዝቅተኛ ቮልትና በብዙ አምፔር ይመነዝረዋል። የሚነገርዎ የተመነዘረው ነው፤ ስለዚህ የሚባዛው በባትሪው ቮልት ነው። 35 በ54፣ 1,890 ዋት። ለ2,200 ዋት ፓነል ይህ የሚያስደስት ቁጥር ነው።

ታዲያ ኤአዩ ለምን ተሳሳተ? ከፍተኛ የሶላር ቮልት በሚቀበሉት አዳዲስ ሞዴሎች ላይ የፓነሉን ወገን አምፔር የሚሰጡ አሉ፤ ለእነዚያ የመጀመሪያው ማባዛት ልክ ነው። ዋቱን ራሱን አስልተው በተጨማሪ ቁጥር የሚሰጡም አሉ። ኤአዩ ሁሉንም አንብቧል፤ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ የሚነግረው ግን አላገኘም። እርስዎ ግን በአምስት ደቂቃ ይለዩታል። ቀትር ላይ ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ሳይቆረጥ አምፔር የሚለካ መቆንጠጫ) ይዘው ከፓነል የሚመጡት ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙበት ወዲህ ያለውን አንዱን ሽቦ ከነሽፋኑ ይጨብጡት፤ 22 ወይም 23 አምፔር ካነበበ የእኔ ማብራሪያ ይሠራል፣ 35 ካነበበ አይሠራም። ክላምፑ ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ መሆን አለበት። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት አብዛኞቹ ተለዋጭ ጅረት ብቻ ይለካሉ፤ ፓነል ሽቦ ላይ ሲያደርጓቸው ዜሮ ያሳያሉ። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ያስሞክሩት። ምንም ማሰሪያ አይፍቱ፣ ሽቦም አይላጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደመና ተበታትኖ ፀሐይ በመካከሉ ድንገት ስትወጣ ፓነል ለጥቂት ሰከንዶች ከተጻፈበት በላይ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ 2,300 ዋት ብቅ ቢል ኮዱን አይጠርጥሩ። ቀኑን ሙሉ 2,900 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። ከሦስቱ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ በመጠገን ስም ተሸፍኗል። የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ተጨምሮ ከባትሪዎ 75 አምፔር አካባቢ ይስባል ማለት ነው። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ እንዲህ ሲሳብ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል፤ በሴሎቹ ውስጣዊ ተቃውሞ፣ በገመዱ፣ በማሰሪያው ምክንያት አንድ ቮልት ተኩል ቢጎድል አይገርምም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ማለትም የእርስዎ ዓይነት ባትሪ፣ ደግሞ ቮልቱ ጠፍጣፋ ነው። ከ80 በመቶ እስከ 20 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ የ16 ሴሎች ድምር የሚለያየው ሁለት ቮልት ገደማ ብቻ ነው። የባትሪው ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚቆጣጠረው የውስጥ ሰርኪት) ከኢንቨርተሩ ጋር በገመድ ካልተነጋገረ፣ ኢንቨርተሩ መቶኛውን የሚገምተው ከቮልት ነው። እንግዲህ ምጣዱ ያወረደውን ቮልት «ባትሪው ባዶ ሆነ» ብሎ ያነበዋል። 40 በመቶው የትም አልሄደም።

ለኤአዩ «መቶኛው ይዘላል፣ አስተካክልልኝ» ብለውት የሰጠዎትን አየሁት፤ የመጨረሻዎቹን 20 ንባቦች አማካይ ይወስዳል። ግራፉ ለስላሳ ሆነ፤ ዝላዩ ጠፋ፤ ውሸቱ ግን እዚያው አለ፣ አሁን ደግሞ ለዓይን የሚያምር ሆኗል። እባክዎ ይህን መስመር ያስወጡት። ኤአይ የተጠየቀውን ነው የሚያደርገው። «ይዘላል» ሲሉት መዝለሉን አስቆመ። «ለምን ይዘላል? ከማስተካከልህ በፊት ሦስት ምክንያት ንገረኝና እያንዳንዱን እንዴት እንደምፈትሽ አሳየኝ» ብለውት ቢሆን የቮልቱን ነገር ራሱ ያነሣው እንደነበር አልጠራጠርም። እኔ ራሴ በየቀኑ የምጠይቀው በዚህ መንገድ ነው።

እውነተኛው መፍትሔ ሁለት ነው። የሚሻለው ባትሪው ራሱ ያለውን አርኤስ-485 የሚባል የመረጃ ገመድ መውጫ ማንበብ ነው፤ ቢኤምኤሱ የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልትም ይነግርዎታል። ያ ካልተቻለ ፕሮግራምዎ አምፔሩን በጊዜ እያባዛ ይቁጠር። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ይህ ኢንቨርተር የመሙያውን አምፔርና የመልቀቂያውን አምፔር በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው የሚሰጠው፤ መልቀቂያው ወደ መስመሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። የኤአይ ኮድ የመጀመሪያውን ብቻ «የባትሪ አምፔር» ብሎ ወስዶ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ሲያሳይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሌላው፣ ሁለቱም የሚመጡት ያለ ነጥብ፣ በሙሉ አምፔር ነው። ሌሊት ራውተርና ሁለት አምፖል ብቻ ሲሠሩ ግማሽ አምፔር ቢሳብ ዜሮ ወይም አንድ ሆኖ ይመጣል። በ10 ሰዓት ውስጥ አምስት አምፔር-ሰዓት ስህተት ተጠራቀመ ማለት ነው፤ ከባትሪዎ 5 በመቶ። በሳምንት ቁጥሩ ከእውነቱ ይርቃል። ስለዚህ ባትሪው በትክክል በሞላ ቁጥር፣ ማለትም ቮልቱ የመሙያ ጣሪያው ላይ ደርሶ አምፔሩ ወደ ጥቂት ሲወርድ፣ ቆጣሪው ወደ 100 እንዲመለስ ያስጽፉት።

አሁን «ናክ»። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከኋላው ሁለት ባይት (ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው) ማረጋገጫ ይከተለዋል፤ ሲአርሲ ይሉታል። የፊደሎቹ ቁጥር በአንድ ቀመር ይሰላና ውጤቱ አብሮ ይላካል፤ ተቀባዩ ደግሞ ያሰላና ካልገጠመ «አልቀበልም» ይላል። «ናክ» ማለት ይኸው ነው። ይህ ቤተሰብ የሚጠቀመው ቀመር ኤክስሞደም የሚባለው ነው፤ ኤአዩ አውቆታል፣ በትክክልም ጽፎታል። «ኮዱ ልክ ነው» ሲልዎ አልዋሸም።

ግን ቀመሩ ላይ ያልተጻፈ አንድ ልማድ አለ። ቁጥሩ 13 የሆነው ባይት የመልእክት ማብቂያ ነው፤ 10 የአዲስ መስመር ምልክት ነው፤ 40 የኢንቨርተሩ መልስ የሚጀምርበት ቅንፍ ነው። ሠሪዎቹ እነዚህ ሦስቱ በማረጋገጫው ውስጥ ብቅ ብለው ተቀባዩን እንዳያደናግሩ፣ ስሌቱ ከእነርሱ አንዱን ባወጣ ቁጥር አንድ ይደምሩበታል። የእርስዎን ሦስት ትእዛዞች በእጄ አስላኋቸው። «መብራት ይቅደም» የሚለው ፒኦፒ00 ማረጋገጫው 194 እና 72 ነው። «ሶላር ይቅደም» የሚለው ፒኦፒ01 ደግሞ 210 እና 105። «ሶላር፣ ከዚያ ባትሪ፣ መጨረሻ መብራት» የሚለው ፒኦፒ02 ስሌቱ 226 እና 10 ያወጣል። ያቺ 10 ናት። ኢንቨርተሩ የሚጠብቀው 226 እና 11 ነው። ኪውፒአይጂኤስ ማረጋገጫው ውስጥ ከሦስቱ አንዱም ስለማይወጣ ንባቡ ለወራት ያለ እንከን ይሠራል፤ ፈተናው የመጣው የፈለጉትን አንድ ትእዛዝ በላኩበት ዕለት ነው። ኤምፒፒ ሶላር የሚባለው ነፃ የፓይተን ላይብረሪ (ሰዎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት ኮድ) ይህን ልማድ ያውቀዋል፤ የኮድዎን ውጤት ከእርሱ ጋር ያነጻጽሩ። ኤአይ በጻፈውና ሰዎች ለዓመታት በፈተኑት መካከል ልዩነት ካዩ ጥያቄ መጠየቂያው ቦታ እዚያ ነው።

ምስጢሩን ነግሬዎ ሳበቃ ግን አይጠቀሙበት እላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ አያስፈልግዎትም። ኢንቨርተሩ ያንን ማዞር ራሱ ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ሴቲንግ 01ን በእጅዎ «ሶላር፣ ባትሪ፣ መብራት» ላይ ያድርጉት። ሴቲንግ 12 ባትሪው ስንት ቮልት ሲደርስ ወደ መብራት እንደሚዞር፣ ሴቲንግ 13 ስንት ሲደርስ ወደ ባትሪ እንደሚመለስ ይወስናሉ። ከፋብሪካ ሲመጣ ሴቲንግ 12 በ48 ቮልት ሥሪቶች 46 ቮልት ነው፤ ያ ለአሲድ ባትሪ የታሰበ ነው፣ ለእርስዎ ባለ 16 ሴል ሊቲየም 46 ቮልት ማለት ሊያልቅ የተቃረበ ባትሪ ነው። ከፍ ያድርጉት። ምጣዱ ቮልቱን ስለሚያወርደው ግን በጣም ከፍ ካደረጉት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ወደ መብራት ይዞራል፤ በቤትዎ ጭነት እያዩ ያስተካክሉ።

ደግሞም እነዚህ ትእዛዞች መብራት ቢጠፋም በማይሰረዝ ሜሞሪ ላይ ነው የሚጻፉት። እንዲህ ዓይነት ሜሞሪ የሚጻፍበት ብዛት የተወሰነ ነው፤ ብዙ ጊዜ 100 ሺህ ጊዜ ይባላል። ኤአዩ የጻፈልዎ ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም የኮድ ክፍል) በየ5 ሰከንዱ ሁኔታውን አይቶ ትእዛዙን እንደገና ይልካል፤ ቀድሞ የተላከ መሆኑን አይጠይቅም። በቀን 17,280 ጊዜ ነው። 100 ሺህ ለመድረስ ስድስት ቀን አይሞላም። «ናክ» መለሰልዎ እንጂ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፉልኝ በሌላ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ አንድ መከላከያ ያስገቡ፤ ሁለት መስመር ኮድ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ጠያቂ ትእዛዞች በእንግሊዝኛው «ኪው» ፊደል ይጀምራሉ፤ ሴቲንግ የሚቀይሩት በሌላ ፊደል ነው የሚጀምሩት። ትእዛዝ ወደ ኢንቨርተሩ የሚልከው የኮዱ ክፍል የመጀመሪያው ፊደል «ኪው» ካልሆነ አልልክም ብሎ ይቁም። ከዚያ በኋላ ኤአዩ ነገ ጠዋት ምንም ዓይነት ብልህ ሐሳብ ይምጣለት፣ የባትሪዎን የመሙያ ቮልት ሊነካ አይችልም። የሊቲየም ባትሪ የመሙያ ቮልት ወይም «ኢኳላይዜሽን» የሚባለውን የአሲድ ባትሪ ሕክምና በስህተት የሚያበራ ኮድ ውድ ባትሪ ያበላሻል። በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር የለኝም።

ከጠየቁት ውጪ የሆነ ነገር ግን ኮድዎ ውስጥ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ንባብ ሲከሽፍ ፕሮግራሙ ያለፈውን ቁጥር እንደገና ያሳያል። ኤአይ የሚጽፈው ኮድ እንዳይቆም በጣም ይጠነቀቃል፤ ስህተት ሲመጣ ዋጥ አድርጎ ይቀጥላል። ቢሾፍቱ አንድ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል፤ ኮዱን ያስጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የዩኤስቢ ገመዱ ላላና ስክሪኑ ለሁለት ቀን «ባትሪ 78 በመቶ» እያለ ቆየ። ቤተሰቡ ስልካቸው ላይ አይተው ተማምነው፣ ሌሊት ላይ ሁሉም ነገር ድርግም አለባቸው። አዛውንት እናት የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀሙበት ቤት ነበር፤ ደግነቱ መብራት ነበረና መስመሩን በእጅ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ እኔ በማስጽፈው ኮድ ሁሉ እያንዳንዱ ቁጥር መቼ እንደተነበበ አብሮ ይታያል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ካረጀ ቁጥሩ ከስክሪኑ ይጠፋና «ንባብ የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይተካዋል። ባዶ ቦታ ሰው ያስነሣል፤ ያረጀ ቁጥር ያስተኛል።

ሰዓቱም ሌላ ጉዳይ ነው። እስከ ራስበሪ ፓይ 4 ድረስ ያሉት፣ ራሱ 4ም ጭምር፣ ሲጠፉ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም፤ 5ኛው አለው፣ ግን ትንሽ ባትሪ ለብቻ ይፈልጋል። መብራትና ኢንተርኔት አብረው ሄደው ሲመለሱ ፓዩ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ በተሳሳተ ሰዓት ይመዘግባል፤ ሲያገኝ ሰዓቱ ድንገት ይዘላል። ኮድዎ ኪሎዋት-ሰዓቱን የሚያሰላው በሁለት ንባቦች መካከል ባለው የሰዓት ልዩነት ስለሆነ፣ አንዷ ዝላይ በአንድ ቅጽበት የአንድ ቀን ምርት ትጨምራለች። ለኤአዩ «ልዩነቱን ወደኋላ በማይሄደውና በማይዘለው ሰዓት አስላ፣ ክፍተቱ ከ30 ሰከንድ ከበለጠ አትቁጠር» ይበሉት፤ ምን ማለትዎ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ደግሞ የቀኑን ድምር የሚዘጋው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ ያ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሶላሩን ድምር አይነካውም፤ የቤቱን ፍጆታ ግን ማታና ሌሊቱን በሁለት ቀን ይከፍልብዎታል። የአዲስ አበባን ሰዓት እንዲጠቀም ያስጽፉት።

ከኤአዩ ጋር እንዴት ልሥራ ላሉት፣ እኔ የምሠራበትን ልንገርዎ። መጀመሪያ ምንም የማይተረጉም፣ ኢንቨርተሩ የመለሰውን ጥሬ መስመር ከነሰዓቱ ፋይል ላይ ብቻ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አስጽፋለሁ። አንድ ሙሉ ቀን ይሮጣል፤ ንጋት፣ ቀትር፣ ምጣድ፣ መብራት የሄደበት ሰዓት፣ ሌሊት፣ ሁሉም ይገባበታል። ከዚያ ያንን ፋይልና የሞዴሉን የመገናኛ ሰነድ ለኤአዩ ሰጥቼ ተርጓሚውን አስጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ ኮዱ በተቀየረ ቁጥር በዚያው በተቀዳው ቀን ላይ ይፈተናል፤ ኢንቨርተሩን መንካት አያስፈልግም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ኤአይ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያላወቀው ቦታ ላይ ይነካል፣ የተቀዳው ቀን ግን አይረሳም። ዩኤስቢው መልሱን በ8 ባይት ቁርጥራጭ ስለሚልክ ንባቡ እስከ ማብቂያው ባይት ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ጥሬው ፋይል ላይ ተቆርጠው የቀሩ መስመሮች ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ፋይሉን ከመለጠፍዎ በፊት የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና የዋይፋይ ፓስወርድ ያውጡ።

ኢንቨርተራቸው ሌላ ዓይነት ለሆነባቸው አንባቢዎች ሁለት ነገር ብቻ። ብዙዎቹ ሌሎች የሚነጋገሩት በሞድባስ ነው፤ 1979 ላይ ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች የተሠራ ቋንቋ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 65,535 ይደርሳል። የባትሪ ዋት 65,036 ካያችሁ ሲቀነስ 500 ማለት ነው፣ ኮዱ ምልክቱን አላነበበም። ሌላው፣ ኤአዩ አርኤስ-232 የሚባለውን የመረጃ ገመድ በቀጥታ ራስበሪ ፓይ እግሮች ላይ እንድትሰኩ ካዘዛችሁ አትስሙት። እግሮቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ አርኤስ-232 ከዚያ በብዙ ሊበልጥ ይችላል፣ ፓዩን ሊያቃጥለው ይችላል። መካከል ላይ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በሚቀጥለው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ኢንቨርተሩ አጠገብ ይቀመጡ። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት፣ ከተሰካ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ በየእንጀራው መካከልና ከተነቀለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ያለውን የባትሪ ቮልት፣ ጭነትና የሶላር ዋት ይጻፉ፤ ከጎኑ ፕሮግራሙ በዚያው ሰዓት ያለውን። ቮልቱ ከ0.2 በላይ ከተለያየ፣ ወይም ጭነቱ ከ100 ዋት በላይ ከተለያየ፣ ያንን መስመር ከጥሬው ፋይል ቆርጠው ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።